ለአባቴ 70ኛ ዓመት በእጅ የተቀረጸ የቆዳ ቀበቶ፦ ጥለቱ በማግስቱ ይጠፋብኛል፣ ምን ላድርግ?

ጀማሪው

ሰላም ቤተሰብ። በቆዳ ሥራ የቆያችሁ ካላችሁ እርዱኝ፣ ሁለት ወር ብቻ ነው የቀረኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ በግንቦት 70 ዓመት ይሞላዋል። ስጦታ ብዙም አይወድም። ሸሚዝ ብትገዛለት ከነላስቲኩ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። ግን አንድ ቀበቶ አለው፣ እኔ አንደኛ ደረጃ ስማር ጀምሮ የሚያስረው። ቀዳዳዎቹ ተለጥጠው ሞላላ ሆነዋል፣ ጫፉ ተሰነጣጥቋል፣ ዘለበቱን ሁለት ጊዜ ጫማ ሰፊ ጋ ወስዶ አሰፍቶታል። ስለዚህ ቀበቶ ልሥራለት ብዬ ወሰንኩ። በእጄ የተሠራ፣ ዙሪያውን ጥለት የተቀረጸበት። ጥለቱን ከብራና መጻሕፍት ሽፋን ላይ መውሰድ ነው የምፈልገው፣ ምክንያቱም አባዬ ልጅ ሆኖ የቄስ ትምህርት ቤት ነው የተማረውና ስለዚያ ጊዜ ሲያወራ ፊቱ ሁሉ ይለወጣል።

ዩቲዩብ አይቼ ጀመርኩ። መርካቶ ሄጄ ቆዳ ገዛሁ። ሻጩ «የበሬ ቆዳ ነው፣ ለቀበቶ ይሆናል» አለኝ። ጥቁር ነው፣ ለስለስ ያለ፣ ውፍረቱ ወደ 2 ሚሊ ሜትር። በቪዲዮው እንዳየሁት በስፖንጅ አረጠብኩት። ትልቅ ምስማር ጫፉን በሞረድ ሞርጄ ትንሽ ማኅተም ሠርቼ ነበር፣ እሱን አስቀምጬ በመዶሻ መታሁት። ምልክቱ ወጣ። በጣም ደስ አለኝ። ጠዋት ተነስቼ ሳየው ግን ምንም የለም፣ ቆዳው ተመልሶ ልሙጥ ሆኗል። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። በመጨረሻ አጠንክሬ ስመታው ተቀደደ።

ጥፋቱ የቱ ላይ ነው? ውኃው በዛ? ማኅተሙ ነው? ወይስ ቆዳው? ደግሞ ልኩን እንዴት ነው የምወስደው? የአባዬ ሱሪ ላይ 36 ይላል፣ ቀበቶውን ስለካው ግን ቁጥሩ አይገጥምም። ለእሱ ሳልናገር ነው የምሠራው፣ ስለዚህ ወገቡን ልለካ አልችልም። የምታውቁትን ሁሉ ጻፉልኝ፣ ረጅም ቢሆንም አነበዋለሁ።

የሸራ ተራው

ወንድሜ፣ ችግሩ ቆዳው ነው። የገዛኸው ክሮም ነው።

ላብራራልህ። ቆዳ ሁለት ዋና ዋና ዓይነት አለፋፍ አለው። አንዱ በክሮም ጨው ነው፣ ፈጣን ነው፣ ቆዳውን ለስላሳና ውኃ የማይፈራ ያደርገዋል። የጫማ ፊት፣ ጃኬት፣ ቦርሳ፣ አብዛኛው እሱ ነው። ሁለተኛው በዕፅዋት ነው፣ ከዛፍ ልጥና ከፍሬ በሚገኝ ታኒን። ወፍራም ሻይ ስትጠጣ ምላስህን ያዝ የሚያደርገው ነገር ማለት ነው፣ ያው እሱ። ይሄኛው ሳምንታት ይፈልጋል፣ ቆዳው ደረቅ ያለና ሙሉ ይሆናል፣ አርጥበህ ስትጫነው ደግሞ ቅርጹን እንደ ጭቃ ይዞ ይቀራል። ክሮም ግን እንደ ጎማ ነው፣ ትጫነዋለህ፣ ይመለሳል። ቀን ሙሉ ብትቀጠቅጠው ለውጥ የለውም። ክሮም መጥፎ ነው እያልኩህ አይደለም፣ እኔም በየቀኑ የምሠራበት ነው፣ ለቅርጽ ግን አይሆንም።

ስትገዛ በቃል አትመን። እኛ ጋም ሻጩ ራሱ የማያውቅበት ጊዜ አለ። የተቆረጠ ጠርዙን እይ፤ መሃሉ ሰማያዊ ወይም ግራጫ ከሆነ ክሮም ነው፣ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ቡናማ ከሆነ ጥሩ ምልክት ነው። ቀለም ያልተቀባ፣ የቆዳ መልክ ያለውን ጠይቅ። ምራቅህን ወይም አንድ ጠብታ ውኃ አድርግበት። በዕፅዋት የለፋው ቶሎ ይጠጣዋል፣ ቦታው ይጠቁራል። ከዚያ እርጥቡ ላይ በጥፍርህ ጫን በለው። የጥፍርህ ምልክት ከቀረ ውሰደው። አንዳንዶች በእሳት አቃጥለው አመዱን ያያሉ፣ እሱን አትሞክር፣ የክሮም ጭስ ለሳንባ ጥሩ አይደለም።

ውፍረቱ ከ3.2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ይሁን። 2 ሚሊ ለብቻው ቀበቶ አይሆንም፣ በወር ውስጥ ይጣመማል። ሌላው፣ ከጀርባው በኩል የተቆረጠ ይሁን፣ በአከርካሪው ርዝመት። የሆድ በኩል ርካሽ ነው፣ ሻጮችም እሱን ነው መጀመሪያ የሚያወጡልህ፣ ግን ላላ ያለ ስለሆነ ይለጠጣል። አባትህ በዓመቱ ሁለት ቀዳዳ ጨምርልኝ ይሉሃል።

ልኩን በሱሪ ቁጥር አትውሰድ። ሱሪ ላይ የሚጻፈው ከእውነተኛው ልክ ብዙ ጊዜ ያንሳል። ማታ አባትህ ሲተኙ የድሮ ቀበቶአቸውን አንሣና ዘርጋው። ዘለበቱ ላይ ቆዳው ከታጠፈበት ቦታ ጀምረህ በብዛት እስከሚጠቀሙበት ቀዳዳ ለካ። የቱ እንደሆነ ታውቀዋለህ፣ ሞላላ የሆነው ነው። ያ ነው ልኩ። ለምሳሌ 98 ሴንቲ ሜትር መጣ እንበል። እሱን የመሃል ቀዳዳ ታደርገዋለህ። በግራና በቀኙ ሦስት ሦስት፣ በ2.5 ሴንቲ ሜትር ርቀት፣ በድምሩ ሰባት። ከመሃል ቀዳዳው እስከ ጫፉ 17.5፣ ለዘለበቱ መታጠፊያ ደግሞ 7.5 ጨምር። በድምሩ 123 ሴንቲ ሜትር። ስፋቱ ለጂንስ 3.8 ነው፣ ለጨርቅ ሱሪ ግን 3.2 ይሻላል። አባትህ ምን ዓይነት ሱሪ እንደሚያደርጉ አንተ ታውቃለህ። ከመቁረጥህ በፊት የሱሪውን ማለፊያ ለካ፣ ዘለበቱንም መጀመሪያ ግዛና በውስጥ ስፋቱ ቁረጥ። ቆዳ ቆርጦ ዘለበት መፈለግ ብዙ ሰው ያደከመ ነገር ነው።

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ ያንን ምስማር ጣለው። ብረትና እርጥብ ቆዳ ሲነካኩ ታኒኑ ከብረቱ ጋር ይዋሃድና ጥቁር ነጥብ ይተዋል። ቶርኖ ቤት ሄደህ ከነሐስ ወይም ከማይዝግ ብረት ዘንግ አስቆርጥና ጫፉን አንተ ሞርደው።

ሶስና ዘዳላስ

ሰላም ወንድሜ፣ ሐሳብህ እንዴት ደስ ይላል! እኔ የምኖረው ዳላስ ነው፣ እዚህ ቴክሳስ የቆዳ ቅርጽ ትልቅ ነገር ነው፣ ኮርቻውም ቀበቶውም ቦርሳውም አበባ ተቀርጾበታል። አራት ዓመት ሆነኝ ከጀመርኩ። ከላይ ወንድማችን ስለ ቆዳው የጻፈው ሁሉ ልክ ነው፣ እኔ ስለ ውኃው ልጨምር፣ ምክንያቱም ትክክለኛውን ቆዳ አግኝተህም ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚያ ነው።

ቪዲዮው ላይ በስፖንጅ አርጥቦ ወዲያው ሲመታ ታየዋለህ። እሱ አሳጥሮት ነው እንጂ እንደዚያ አይደለም። ቆዳውን ከሁለቱም በኩል በደንብ ታረጥበዋለህ፣ ፌስታል ውስጥ ጠቅልለህ አዳሩን ትተወዋለህ። ውኃው እስከ መሃሉ እኩል ይሰርጋል። በማግስቱ ታወጣውና ትጠብቃለህ። ትጠብቃለህ! ቀለሙ ወደ ድሮው ሊመለስ ሲል፣ ግን ጉንጭህ ላይ ስታደርገው አሁንም ሲቀዘቅዝህ፣ ያን ጊዜ ነው ሰዓቱ። ያኔ ስትመታው ምልክቱ ጠቆር ብሎ፣ ጥርት ብሎ ይወጣል። ውኃው ከበዛ ምልክቱ ይሞላና ይደበዝዛል። ካነሰ ደግሞ ቆዳው ይንጫጫል እንጂ አይገባም። እኔ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀበቶዎች ያበላሸሁት በችኮላ ነው፣ እርጥብ እያለ ስለምጀምር። ደግሞ ከሁለት ቀን በላይ ፌስታል ውስጥ አትተወው፣ ይሻግታል። ሥራው ከረዘመ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጠው።

ከመጀመርህ በፊት ከጀርባው በኩል የካርቶን ማሸጊያ ፕላስተር ለጥፍበት፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ። እርጥብ ቆዳ ሲመታ ይለጠጣል፣ ቀበቶ ደግሞ ረጅምና ቀጭን ስለሆነ ሳታስበው ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ይጨምርልሃል፣ ከዚያ የለካኸው ሁሉ ይዛባል። ቀዳዳዎቹን ለዚህ ነው በመጨረሻ የምትበሳው።

ከሥሩ ጠንካራ ነገር ይኑር። እንጨት ጠረጴዛ ላይ ብትመታው ምቱን ጠረጴዛው ይበላዋል። የእምነ በረድ ወይም የግራናይት ቁራጭ ለምነህ ውሰድ፣ ድንጋይ የሚቆርጡ ሰዎች ትርፍራፊ አያጡም። መዶሻውም ብረት አይሁን፣ የእንጨት ወይም የፕላስቲክ ይሁን።

እዚህ የሚሠሩት መጀመሪያ ሥዕሉን ጭንቅላቱ በሚሽከረከር ቢላ ይቆርጡታል፣ ስዊቭል ናይፍ ይባላል። የቆዳውን ውፍረት አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው የሚቆርጠው። ከዚያ በአንድ ወገን ጠርዙን በማኅተም እየረገጡ ዝቅ ያደርጉታል፣ አበባው ከፍ ብሎ የወጣ ይመስላል። በመጨረሻ በአበባው ዙሪያ የቀረውን ባዶ ቦታ በትንንሽ ነጥቦች ይሞሉታል። ማኅተሙን በእያንዳንዱ ምት በግማሽ እርምጃ ነው የምታራምደው፣ ካዘለልክ ደረጃ ደረጃ ይሆንብሃል።

በጣም የታወቀው ዓይነት ሸሪዳን ይባላል፣ ዋዮሚንግ ውስጥ ካለችው ከተማ ስም የመጣ ነው፣ እዚያ የነበረ ዶን ኪንግ የሚባል ኮርቻ ሠሪ ነው ያስፋፋው (የቦክሱን ሰውዬ አይደለም)። ቅርንጫፉ ክብ እየሠራ ከአንዱ አበባ ወደ ሌላው ይፈስሳል፣ ቅጠሉ ሁሉ ቅርንጫፉ በሚሄድበት አቅጣጫ ነው የሚወጣው። መጀመሪያ ያየሁት ቀን ወዲያው የታወሰኝ የእኛ የብራና ሐረግ ነው፣ ተጠላልፎ የሚወጣው። ስለዚህ ሐረግ ቀበቶ ላይ ያምርበታል ብዬ አምናለሁ። ግን እውነቱን ልንገርህ፣ በሁለት ወር ውስጥ ቢላውን ተለማምደህ ሐረግ መቁረጥ ከባድ ነው። እጅ እስኪለምድ ጊዜ ይፈልጋል። በማኅተም ብቻ የሚሠራ ድርድር ጥለት ምረጥ።

ሚኪ

ለምን ራስህን ታስቸግራለህ ብሮ፣ የገዛኸውን ጥቁር ቆዳ ይዘህ በሌዘር ጨረር የሚቀርጽ ማሽን ያለው ማተሚያ ቤት ሂድ። በአምስት ደቂቃ የፈለግከውን ሥዕል ያወጡልሃል።

የሸራ ተራው

ሚኪ፣ በሌዘር ክሮም ማቃጠል ላይ አልስማማም። ጭሱ አደገኛ ነው፣ ክሮሙ በሙቀት ወደ መርዛማ ዓይነቱ ሊቀየር ይችላል። ማውጫ የሌለው ክፍል ውስጥ የሚሠሩ ልጆች አሉ፣ ለእነሱም አዝናለሁ። በዚያ ላይ ሌዘር የቆዳውን ፊት ነው የሚበላው፣ ሲታጠፍ ሲታጠፍ እዚያ ላይ ይሰነጠቃል። ልጁ ደግሞ ለአባቱ በእጁ መሥራት ነው የፈለገው።

ጀማሪው

ጋሼ የሸራ ተራው፣ በጣም አመሰግናለሁ፣ እርስዎ እንዳሉት ጠርዙን አየሁት፣ መሃሉ ሰማያዊ ነው! ዓይኔ ሥር ሆኖ አላየሁትም። ማታ አባዬ ሲተኛ የድሮውን ቀበቶ ለካሁ፣ የሚገርመው እርስዎ ለምሳሌ ያሉት ቁጥር ራሱ ነው የመጣው፣ 98። ሶስናዬ፣ አንቺንም እግዜር ይስጥልኝ። ስዊቭል ናይፉን ተውኩት። ድርድር ጥለት ነው የምሠራው። ግን የብራና መጽሐፍ ሽፋን ላይ ያለው በምን እንደተሠራ የሚያውቅ ሰው አለ? በመዶሻ ነው?

ዘአንኮበር

በመዶሻ አይደለም። በሙቀት ነው።

ድጉስ ይባላል። ሠሪው ደጓሽ። እኔ የአብነት ትምህርት ቤት ሳለሁ አንድ አባት ጋ እየተላላክሁ አይቻለሁ፣ በኋላም በራሴ ጥቂት ሠርቻለሁ። መጽሐፉ ሁለት የእንጨት ገበታ አለው፣ ብዙ ጊዜ ዋንዛ ነው። በላዩ ቀላ ያለ ቡናማ የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ይለበጥበታል። ቆዳው እርጥበት እያለው ደጓሹ ትንንሽ የብረት ማኅተሞችን ፍም ላይ ያሞቅና በእጁ ክብደት ይጫነዋል። ወርቅ የለውም፣ ቀለም የለውም። ሙቀቱና እርጥበቱ ተጋግዘው ቦታውን ጎድጎድና ጠቆር ያደርጉታል፣ ጌጡ እሱ ራሱ ነው። መሃሉ ላይ መስቀል ይሆናል፣ ዙሪያውን ደግሞ መስመር በመስመር ውስጥ፣ በመስመሮቹ መካከል የተጠላለፈ መረብ፣ ክብ፣ ነጥብ፣ የእህል ፍሬ የመሰለ ይደረደራል። ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ሂድና ተመልከት፣ ወመዘክርም የብራና ስብስብ አለው። ፎቶ ከማየት በዓይን ማየት ይሻላል፣ ጥልቀቱ የሚታይህ ብርሃን ከጎን ሲመታው ነውና።

ላንተ የሚጠቅምህ ይሄ ነው። ድጉስ ቢላ አይፈልግም። አራት አምስት ማኅተም ካለህ ሙሉ ጠርዝ ትሠራለህ። አንድ ቀጥ ያለ መስመር የሚያወጣ፣ አንድ ትንሽ ክብ፣ አንድ ባለ ሰያፍ መስመር፣ አንድ ነጥብ። ከእነዚህ የሚወጣው ጥለት ብዙ ነው።

ሙቀቱን ለማወቅ ማኅተሙን እርጥብ ጨርቅ ላይ ነካ አድርገው። ቀስ ብሎ ጭስስ ካለ ልክ ነው። ከጮኸና ከተንጣጣ ይቆይ፣ ቆዳውን ያቃጥለዋል። መጀመሪያ ከዚያው ቆዳ ቁራጭ ላይ ሃያ ሠላሳ ጊዜ ተለማመድ። የመጽሐፍ ቆዳ ስስ ነው፣ የቀበቶህ ወፍራም ስለሆነ ትንሽ ረዘም አድርገህ ነው የምትጫነው፣ ሦስት አራት ሰከንድ። ፍም ከሌለህ በስፒሪት መብራትም ይሆናል። በከሰል ምድጃ የምትሠራ ከሆነ በር ክፍት ይሁን።

ስለ መስቀሉ አንድ ነገር ልበል፣ ተከለከለ እያልኩህ አይደለም። የመጽሐፍ ሽፋን ላይ መስቀሉ የቆመው መጽሐፉ በእጅ ስለሚያዝ፣ ስለሚሳለም ነው። ቀበቶ ወገብ ላይ ይውላል፣ ይጣላል፣ ወንበር ሥር ይወድቃል። መነኩሴ የሚታጠቀው ቅናት ሌላ ነገር ነው፣ እሱ ተባርኮ ነው የሚሰጠው። እኔ ብሆን መስቀሉን ትቼ የጠርዙን ጥለት ብቻ እወስዳለሁ። አባትህ የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ከሆኑ ጠርዙን ብቻ አይተው ከየት እንደመጣ ያውቁታል።

ሶስና ዘዳላስ

ዘአንኮበር፣ ይሄን ስላካፈልከን አመሰግናለሁ። አራት ዓመት ሙሉ እዚህ ሀገር በመዶሻ ስቀጠቅጥ በእሳት የሚሠራ የራሳችን መንገድ እንዳለ አላውቅም ነበር። ነገ ቁራጭ ቆዳ ላይ ልሞክረው ነው።

የሸራ ተራው

እኔም እስማማለሁ፣ አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። በሙቀት የተጫነ ቦታ ከሌላው ይልቅ ይደርቃል። ዘለበቱ የሚታጠፍበትና ቀዳዳዎቹ ያሉበት ቦታ ላይ አትደጉስ። እዚያ ላይ ቀበቶው ሁልጊዜ ስለሚታጠፍ ይሰነጠቅብሃል። ከዘለበቱ በኩል 12 ሴንቲ ሜትር፣ ከጫፉ በኩል 27 ልሙጥ ተወው። የሚቀርህ 84 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ይበቃል።

ስለ ማጠናቀቂያው አልተወራም፣ እኔ ደግሞ ቀበቶ የሚለየው በጠርዙ ነው ባይ ነኝ። ጥለቱ ምንም ቢያምር ጠርዙ ካልተሠራ የጀማሪ ሥራ ይመስላል። የጠርዙን ሹል በቆዳ ጠርዝ መላጫ መሣሪያ ትንሽ ክብ አድርገው፣ መላጫ ከሌለህ በብርጭቆ ወረቀት፣ መጀመሪያ በ400፣ ቀጥሎ በ600። ከዚያ ውኃ ቀባ አድርገህ በእንጨት እሸው። ቶርኖ ቤት ስትሄድ ማኅተሙን ብቻ አታሠራ፣ ከወይራ እንጨት መሃሉ ቦይ ያለው ቁራጭ አስወጣ፣ እሱ ነው ጠርዙን የሚያሸልመው። እስኪሞቅ ድረስ እሸው። ጭረቱ ሁሉ ይተኛና እንደ መስታወት ይሆናል። በመጨረሻ ንጹህ ሰም ቀብተህ በሸራ ጨርቅ ድገመው።

ቀለም ከፈለግክ፣ ጥቁር ለማድረግ የድሮ ዘዴ አለ። የዛገ ምስማርና የብረት ፍቅፋቂ ኮምጣጤ ውስጥ ትነክራለህ፣ ክዳኑን አታጥብቀው ምክንያቱም ጋዝ ይወጣዋል፣ ከሳምንት ሁለት ሳምንት በኋላ ታጠልለዋለህ። በዕፅዋት በለፋ ቆዳ ላይ ስትቀባው በደቂቃ ውስጥ ይጠቁራል። ያ ምስማር የሚተወው ጥቁር ነጥብ ራሱ ነው፣ አሁን ግን ሆን ተብሎ። ከዚያ ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ውኃ ታጥበዋለህ። ለድጉስ ግን አልመክርም፣ ጥለቱ ጠቆር ብሎ የሚወጣበት ውበቱ ይጠፋል። እንዳለ ተወውና ዘይት ብቻ ስጠው፣ በፀሐይና በእጅ እየቀላ ይሄዳል። የወይራ ዘይት በስሱ፣ ሁለት ጊዜ፣ በመካከሉ አንድ ቀን። የተልባ ዘይት አይሆንም፣ ይደርቅና ያጠነክረዋል። ቅቤም የድሮ ሰው ይቀባ ነበር፣ ግን ይሸታል፣ ይሻግታልም።

ዘለበቱን አትስፋው፣ በብሎን እሰረው። አባትህ ሌላ ዘለበት ቢፈልጉ ይቀይሩታል።

ጀማሪው

ተመለስኩ። ትናንት ሰጠሁት።

ቆዳውን ለማግኘት ሁለት ቅዳሜ ዞርኩ። ሦስት ሰዎች «የፈለግከው ነው» አሉኝ፣ ውኃና ጥፍር ሳሳይባቸው ሳቁ። አራተኛው ሰውዬ ግን ራሱ ምራቁን አድርጎ በጥፍሩ ጫን አደረገልኝና «ይሄን ነው የምትፈልገው» አለኝ። 3.5 ሚሊ፣ ከጀርባ። 123 ሴንቲ ሜትር፣ ስፋቱን 3.2 ቆረጥኩ፣ አባዬ ጨርቅ ሱሪ ነው የሚያደርገው።

ማኅተሞቹን ከነሐስ ዘንግ አስቆርጬ ጫፋቸውን ራሴ ሞረድኩ፣ አራት ናቸው። ስድስት ኪሎ ሄጄ አንድ ሙሉ ከሰዓት ሽፋኖቹን ስስል ዋልኩ። መጨረሻ ላይ የመረጥኩት ሁለት መስመር፣ በመካከላቸው ሰያፍ መረብ፣ በየመረቡ መሃል አንድ ትንሽ ክብ ነው። መስመሮቹን በተማሪ ኮምፓስ ነው ያሰመርኩት፣ አንዱን እግር በጠርዙ እያስጎተትኩ፣ በጣም ቀጥ ብሎ ይወጣል። በየ1.5 ሴንቲ ሜትር አንድ ክብ፣ 56 ክብ።

የተበላሸውንም ልንገራችሁ። አንድ ማታ እርጥቡ ላይ መቀስ አስቀምጬ ስልክ አነሳሁ። ስመለስ ጥቁር እድፍ። እንባዬ ነው የመጣው። አንድ የጫማ ሰፊ ጓደኛዬ ሎሚ ቀባበት አለኝ፣ በጥጥ ነካ ነካ ሳደርገው ደበዘዘ፣ ከዚያ ሙሉ ቀበቶውን በውኃ አረጠብኩት፣ አሁን ካላወቅከው አይታይም። ሌላው፣ ሙቀቱን እኩል ማድረግ አቃተኝ። ወደ 40ኛው ክብ ላይ ደክሞኝ ማኅተሙ ሳይሞቅ ጫንኩ፣ እዚያ አካባቢ ጥለቱ ፈዘዝ ያለ ነው። ዘአንኮበር፣ ሁለት ተመሳሳይ ማኅተም አሠርቼ አንዱ ሲሞቅ በሌላው መሥራት ነበረብኝ መሰለኝ። ፕላስተሩን ለጥፌ ነበርና በአጠቃላይ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው የተለጠጠው። ጠርዙን ሦስት ማታ አሸሁት፣ ጋሼ፣ የወይራው እንጨት እውነትም ሌላ ነገር ነው።

አባዬ ሲከፍተው መጀመሪያ ምንም አላለም። ወደ መስኮቱ ወሰደውና ወደ ብርሃኑ አዘነበለው። በአውራ ጣቱ ክቦቹን አንድ በአንድ ነካ። ከዚያ አሸተተው። «ይሄ ድጉስ አይደል እንዴ?» አለኝ። አዎ አልኩት። ቁጭ ብሎ የዳዊት መጽሐፉን ሽፋን፣ የመምህሩን አለንጋ፣ ያኔ አብረውት የተማሩትን ልጆች ስም ሳይቀር ሲያወራ አመሸ፣ ብዙውን እኔ ሰምቼው አላውቅም። የድሮውን ቀበቶ ግን አልጣለውም፣ ጠቅልሎ መሳቢያ ውስጥ አስገባው።

አሁን ታላቅ ወንድሙ ዛሬ ጠዋት ደውሎ ለእኔስ አለ። ልኩን ነግሮኛል፣ 112። ጋሼ፣ እዚያው ሰውዬ ጋ የቀረው ቆዳ 130 ሴንቲ ሜትር ነው። ይበቃል?

የሸራ ተራው

እሰይ የኔ ልጅ! ፎቶውን ብትለጥፍልን ደስ ይለኛል።

አይበቃም። 112 ላይ 25 ስትጨምር 137 ነው። ሰባት ሴንቲ ሜትር ያጥርሃል፣ ሰባቱን ቀዳዳ ወደ አምስት ብታወርደውና ጫፉን ብታሳጥረው እንኳ ይጨንቅሃል፣ አጎትህም ትንሽ ቢወፍሩ አልቆለታል። ሁለት መንገድ አለህ። ወይ ሌላ ረዘም ያለ ጀርባ ፈልግ። ወይ ደግሞ ዘለበቱን የሚይዘውን ክፍል ለብቻ 20 ሴንቲ ሜትር ከተረፈው ቆዳ ቆርጠህ፣ ከዋናው ቀበቶ ጋር በ10 ሴንቲ ሜትር ደርበህ በሁለት መርፌ ስፋው። የሚደረበውን በሁለቱም በኩል ከውስጥ አሳሳው፣ ካልሆነ ወገብ ላይ ይጎረብጣል። ስፌቱ እንዳይታይ ደግሞ መጋጠሚያው ጥለቱ ከሚጀምርበት በፊት፣ ልሙጡ ላይ ይሁን። አጎትህ ጂንስ ነው ጨርቅ የሚያደርጉት? መጀመሪያ እሱን ጠይቅ፣ ከዚያ ዘለበቱን ግዛ።